አቧራ ያልነካው እግር

«ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?» አለ ድሬሰር አድማሴ፣ የእትዬ እታለማሁን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ገልበጥ አድርጎ። የዓይናቸው ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

ደጊቱ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። አፏን ከመክፈቷ በፊት አክስቷ መለሱላት።

«ከምንጭ ነው እንጂ! ይቺ ልጅ ሁለት ዳገት ወጥታ ወርዳ ነው የምታመጣልኝ። ስትመለስ እንኳ እግሯን ሳትታጠብ አትገባም።»

ድሬሰሩ ወደ ደጊቱ ዞረ። «እውነት ነው?»

«አዎ፣ ከምንጭ ነው» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ደግ። ታች ካለው ኩሬ ጠጥተው ሁለት ጊደሮች መሞታቸውን ሰምቼ ነው። ውሃ እንዲያ አረንጓዴ ሲለብስ መርዝ ይይዛል። ጉበት ይጎዳል። ቢያፈሉትም አይለቅም።»

«ምን ኩሬ ኩሬ ትላለህ?» አሉ ጎረቤታቸው እማማ ሙሉነሽ። «የወፍ በሽታ ነው! የሌሊት ወፍ በላይዋ አልፋባት ነው።»

«ወፏን ይያዙልኝና እሷንም መርፌ ልውጋት» አለ ድሬሰሩ። እትዬ እታለማሁ ሊስቁ ሞከሩና ቀኝ ጎናቸውን ያዙ። እሱ ግን አልሳቀም። «ይረፉ፤ ውሃ በብዛት ይጠጡ። በሳምንት ካልተሻለዎት በቃሬዛም ቢሆን ዳንግላ ጤና ጣቢያ ያምጡዎት።» ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። እማማ ሙሉነሽም እያጉረመረሙ እስከ በቅሎው ድረስ ሸኙት።

ደጊቱ እንስራውን አየችው። ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ወር በፊት ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀርቧል፤ ምንጩ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ኩሬው ግን ከጓሮው ሥር ነው። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ብቻ ብላ ነበር። አረንጓዴውን በእጇ ገፋ አደረገችው፣ ውሃውን በነጠላዋ አጠለለችው፣ ቤት ስትገባ አፈላችው። ጥርት አለ። በተረፋት ጊዜ እዚያው ኩሬው ዳር ተቀምጣ ጂኦግራፊ አጠናች። እሷ ራሷ ቀኑን ሙሉ የምትጠጣው ከትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ነበር፤ ቤት ውለው ከእንስራው የሚጠጡት አክስቷ ናቸው።

ዘመዶቿ አምና ሊድሯት ሲመጡ «ስምንተኛን ሳትጨርስ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብለው በር ላይ የቆሙት እኚህ ሴት ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ደግሞ ሥራው ሁሉ በደጊቱ ላይ ስለወደቀ፣ ወደ ምንጩ አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አታውቅም። ለታመሙት አክስቷም ከዚያው ኩሬ ስትቀዳላቸው ከርማለች።

«ደጊ፣ ጠጪ ተብያለሁ እኮ፤ እስቲ ቅጂልኝ» አሉ እትዬ እታለማሁ።

ቀዳች። ጣሳውን እስከ አልጋው ወሰደችው። አክስቷ እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን አልለቀቀችውም።

«እትዬ… ይኼ የምንጭ አይደለም።»

የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆየ።

«የኩሬው ነው። ከወር ወዲህ ሁሉም የኩሬው ነው።»

እትዬ እታለማሁ ወደ ደጊቱ እግር ተመለከቱ። የምንጩ መንገድ ቀይ አፈር ነው፤ እሱን ሄዶ የተመለሰ ሰው እስከ ጉልበቱ ይቀላል።

«ለካስ…» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ታጥበሽ እየመሰለኝ።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ጋቢያቸውን ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ደጊቱ ጣሳውን ደፋችው። እንስራውንም አውጥታ ጓሮ ገለበጠችውና ባዶውን በጀርባዋ አዘለች። የድሬሰሩ በቅሎ የመጀመሪያውን ዳገት ይዛለች፤ የምንጩም መንገድ በዚያው ነው። ደጊቱ ቀዩን አቧራ እያስነሳች ሮጠች።

«ጋሼ አድማሴ!»

አልሰማትም። ትንፋሿን ሰበሰበችና ቅድም ከዋሸችበት ከፍ ባለ ድምፅ ደግማ ጠራችው።