ሠላሳ ሁለተኛው ኮድ

«መቶ ዘጠና ዘጠኝ» አለች አቢጋኤል፣ የመመሪያውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች። «ዜሮ፣ ስምንት፣ ሁለት፣ ሰባት።»

ኛኩዎል ቁጥሩን ሪሞቱ ላይ አስገባችና ወደ ጣሪያው ደግና ተጫነች። ቬንትሌተሩ እንዳኮረፈ ሰው ዝም አለ።

«አቦ፣ እኔ ደከመኝ!» አለች አቢጋኤል።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ አራት የጣሪያ ቬንትሌተሮች አሉት፤ አራቱም የሚታዘዙት በሪሞት ብቻ ነው። ያ ሪሞት ከሦስት ሳምንት በፊት መሥራት አቆመ። ባትሪ ተቀየረለት፣ በመዳፍ ተመታ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ በመጨረሻም ሞቷል ተብሎ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ በጋምቤላ ሙቀት ከሰዓት በኋላ እዚያ መቀመጥ በቁም መቀቀል ሆነ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ልጆች ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ዳይሬክተሩም «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ይቆማል» አሉ። ዛሬ ዓርብ ነው።

ለአቢጋኤል ቢቆምም ብዙ አይጎዳትም፤ አባቷ መምህር ስለሆነ ቤት ያስጠናታል። ኛኩዎል ግን ሒሳብ የገባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ቀርቶታል፣ እቤቷ ደግሞ ከእሷ በላይ የተማረ የለም። ስለዚህ የሒሳብ አስተማሪያቸው መምህር ሩፋኤል ቲቪውንም፣ አምፖሉንም፣ ቬንትሌተሩንም ያዛል የተባለለትን አዲስ ሪሞታቸውን ከቤት አምጥተው «ከሁለት መቶዎቹ ውስጥ ለቬንትሌተሩ የሚሆነውን ኮድ የሚፈልግልኝ ማነው?» ሲሉ ቀድሞ የተነሳው የእሷ እጅ ነበር። ያ ረጅም እጅ አንዴ ከተነሳ አላየሁም ማለት አይቻልም።

ሁለት መቶኛው የመጨረሻው ኮድ ነበር። እሱም አልሠራም።

«ሪሞቱ ተበላሽቷል እንበልና ላሽ እንበል» አለች አቢጋኤል። «ማንም አይነቃም።»

ኛኩዎል ግን ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርባ ወጣች። መመሪያው ላይ እንደተሳለው፣ ከቬንትሌተሩ አናት ላይ የሪሞቱን ትእዛዝ የምትቀበል፣ ሽምብራ የምታህል ጥቁር ዓይን መኖር ነበረባት። ጥቁር የሚባል ነገር ግን የለም። በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ ስታደርግ ነጭ ቀለም ተላጠና ዓይኗ ብቅ አለች።

ኛኩዎል ክው አለች። ያንን ጣሪያ የቀባችው እሷ ናት! ከሦስት ሳምንት በፊት አዳራሹ ለእንግዶች ሲታደስ ተማሪዎቹ ሥራ ተከፋፍለው ነበር። ጣሪያው የክፍሉ ረጅም ለሆነችው ለእሷ ደረሳት። እሷም ኩራት ተሰምቷት ቅንጣት ቦታ ሳታስቀር፣ የቬንትሌተሮቹን አናት ጭምር ነጭ በነጭ አደረገችው። ሁለቱ ልጆች ወድቀው ውሃ ሲደፋባቸው ትዝ አላት፤ አፈረች።

«ምን አገኘሽ?»

«ቀለም ዓይኑን ሸፍኖታል» አለች ኛኩዎል እየወረደች። « ከአንድ እንጀምር።»

«ከአንድ? አብደሻል እንዴ!»

«አንብቢልኝ፣ በናትሽ።»

አቢጋኤል እያጉረመረመች ማንበብ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃያ። ላብ ከኛኩዎል አገጭ ላይ ጠብ ይላል። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ቬንትሌተሩ «ጢጥ» አለ።

መጀመሪያ ክንፎቹ እንደ መንጠራራት አሉ፣ ከዚያ ዞሩ። ኛኩዎል አንድን ስትጫን ቀስ አለ፣ ሦስትን ስትጫን ፈጠነ። ቀዝቃዛው ነፋስ ላብ ያራሰው አንገቷ ላይ ሲያርፍ በደስታ ጮኸች። አቢጋኤልም ወረቀቱን ወርውራ ጠረጴዛው ዙሪያ መጨፈር ያዘች። ጩኸቱን ሰምተው ልጆቹ በበሩ ተግተልትለው ገቡ። መምህር ሩፋኤልም ከኋላቸው ነበሩ። ሁሉም ከአንዱ ቬንትሌተር ሥር ተጨናንቀው ፊታቸውን ወደ ላይ አቀኑ።

«ኛኩዎል! ኛኩዎል!» እያሉ ያጨበጭቡ ጀመር። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ተጨብጭቦላት አያውቅም።

«ጎበዝ! ለመሆኑ ችግሩ ምን ነበር?» አሉ መምህር ሩፋኤል።

አቢጋኤል ቀደመቻት። «ኮዱን ማግኘት ነበር ቲቸር፤ እሷ አገኘችው!»

ውሸት አይደለም። እዚህ ላይ ቢያበቃ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም። ኛኩዎል የሚያጨበጭቡትን ልጆች አየች፤ ባለፈው ሳምንት ከወደቁት አንዱ ከፊት ቆሞ ከሁሉም በላይ ይስቃል።

«ኮዱ ብቻ አይደለም ቲቸር» አለች። «የቬንትሌተሮቹ ዓይን ቀለም ተቀብቶ ነበር። አሮጌው ሪሞትም ምንም አልሆነም ነበር። የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ጭብጨባው ቆመ። መምህር ሩፋኤል ጣሪያውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሳቃቸውን መቆጣጠርም አቃታቸው።

«ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ሒሳብ አለን፤ ለዳይሬክተሩ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «እስከዚያ የሦስቱንም ዓይን ክፈቺልኝ።»

ኛኩዎል ወንበሩን አውርዳ ጠረጴዛውን ወደ ሁለተኛው ቬንትሌተር መግፋት ጀመረች። ወድቆ የነበረው ልጅ በአንዱ ጫፍ፣ አቢጋኤል በሌላው ጫፍ ያዙላት።