ከተቆለፈው ክፍል የሚሰማ ሳል

«ጌታዬ መጋዘን ውስጥ ያስላሉ» ትላለች ለውዝ ለቃሚዋ፤ ለሰማትም ላልሰማትም። ነጋዴው ተቀብረዋል፤ ሲመሽ ግን የሻገተው ለውዝ ከተቆለፈበት የኋላ ክፍል ደረቅ ሳል ይሰማል። ሠራተኛ በዚያ በኩል ማለፍ ትቷል።

መርማሪዋን የጠራት ሐኪሙ ነው። ነጋዴው ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ሞተዋል፤ ጉበታቸውን የጨረሰው የሻጋታ መርዝ ነው።

«የበሉትን ለውዝ ማን ቆላላቸው?» አለቻት መርማሪዋ ለቃሚዋን።

«እኔው፣ አንድ በአንድ ለቅሜ። ሠራተኛው ሁሉ ከዚያው ዘግኗል፤ ይኸው ማን ሞተ? ጉንፋን ጥሏቸው ምግብ እምቢ ሲላቸው ታናሽ ወንድማቸው ወፍጮው ላይ አልሞ ፈጭቶ፣ በማር ለውሶ ያመጣላቸዋል። ሚስታቸው እትዬ ያጎርሷቸዋል።»

«ሳሉስ መቼ ጀመረ?»

«ገና አልጋ ላይ ሳሉ! ነፍሳቸው ቀድማ ሄደች ብዬ ነበር።»

መርማሪዋ ቀና አለች።

ሚስትየዋ ዕንባዋን እየዋጠች ነገረቻት። «ዝናብ የመታውን ለውዝ ሳይደርቅ የከመረው ወንድሙ ነው። ባሌ ላቃጥለው ሲል ተኳረፉ። ኋላ ግን በማር የተለወሰውን ለውዝ በጣሳ እየያዘ ሲመጣ ታረቁ ብዬ ደስ አለኝ። የክፍሉ ቁልፍ? ከራስጌው ተሰቅሎ ነበር።»

መርማሪዋ ለቃሚዋን፣ ሚስትየዋንና ወንድምየውን ከተቆለፈው በር ፊት አቆመቻቸው።

«ሰው ሳይሞት መንፈሱ አያስልም» አለች። «የሚያስለው በሕይወት ያለ ሰው ነው። የተቆላው ለውዝ ንጹሕ ነበር። እትዬ ደግሞ ማንኪያ እንጂ ወፍጮ አልነበራቸውም። ሻጋታው የገባው ሲፈጭ ነው፤ ምሬቱን ማሩ ሸፈነው። ከዚህ ክፍል እየተመላለሰ የዘገነ ግን አቧራውን በደረቱ ይዞ ይወጣል።»

ወንድምየው ሊመልስ አፉን ከፈተ። የወጣው ያው ደረቅ ሳል ነበር። ለቃሚዋ ግን ዓይኗን ከተቆለፈው በር አልነቀለችም።

«ጋሼ ሊያቃጥሉት ነበር!» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «የዓመት ድካሜን! ከአልጋ እንዳይነሡ ብቻ ነበር… ገዢ እስካገኝ።»

«ሻጋታውን ለሰው ልትሸጥ» አለች መርማሪዋ።

ከግቢው በር የጭነት መኪና ጡሩምባ ተሰማ። ሳሙና ሠሪው ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«ጌታው ተነሡ? የሻገተውን ለሳሙና ዘይት ልጭን ተስማምተን ነበር፤ በደህና ዋጋ። ‹ለወንድሜ አትንገረው፤ ከአልጋ ስነሣ ቁልፉን ራሴ በእጁ አስይዘዋለሁ› ብለውኝ ነው እስካሁን የቆየሁት።»