የሥሩ በር

በቅሎዋ ገደል ስትገባ ልጓሙ የታፈረን መዳፍ ልጦ ወረደ። የጥር ነፋስ እሱንም ሊያስከትለው ከድንጋዩ ጋር አላጋው።

«እንመለስ። ለክርክር ሲል የሚሞት ሰው አይቼ አላውቅም» አለ በቅሎ ነጂው ፈንታ።

«አያ ፈንታ፣ የስማዳ ሰው ዛሬ መርዝ ሊቀዳ ነው!»

ፊታውራሪ ጌጡ ወንዙን ሲገድቡ የአንበጣ መርዝ የተከማቸበትን አሮጌ መጋዘን ውሃ ዋጠው። የጤና ባለሙያው ታፈረ ከብት ማለቁን ሰምቶ ጭቃውን መርምሮ ነበር። አየር የሚያገኘው ቀይ ጭቃ መርዙን ከዝገቱ ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ከሥር ታፍኖ የጠቆረው ግን ወደ ውሃው ይለቀዋል። ላዩ ይጠጣል፣ ሥሩ ይገድላል። ይህን ሲያስረዳ ፊታውራሪን በአደባባይ «ደንቆሮ» ብሎ ተባረረ። ዛሬ ከተራ ነው፤ ታቦቱ ሲነሣ ጥምቀተ ባሕሩን ለመሙላት የግድቡ የሥር በር ሊከፈት ነው።

ገደሉን አልፈው ጫካ ሲገቡ ነብር ዘሎ ፈንታን ጣለው። ታፈረ በድንጋይ የአውሬውን ራስ ቀጠቀጠ፤ ከሞተም በኋላ መምታቱን አላቆመም።

«በቃ፣ ሞቷል» አለ ፈንታ የተቦጨቀ ጭኑን በነጠላው እያሰረ። «ሂድ። እኔ ቆዳውን ልጠብቅ።»

ግድቡ ጋ ሲደርስ ከበሮው ይሰማል፤ ዘበኛው ተሻገር የሥሩን በር መዘውር ጨብጧል። ታፈረ ተወርውሮ የእጁን አንጓ ነከሰው። ተሻገር በዱላ ትከሻውን ሰብሮ ፊቱን ጭቃ ላይ ደፈቀው።

«ተሳዳቢው አንተ ነህ? እስቲ አሁን ስደበኝ።»

ስድቡ ምላሱ ላይ ነበር። ከደሙ ጋር ዋጠው።

«ከብቶችህ ከየት ይጠጡ ነበር?»

«ከበሩ ሥር፣ ከሚያፈሰው።»

«የጎረቤትህስ?»

«የአንዳርጌ? ከላይ፣ ከዳሩ።»

«የማን አለቁ?»

የተሻገር እጅ ላላ።

«የኔ» አለ ቀስ ብሎ። «አንዳርጌ መድኃኒት አድርጎባቸው መስሎኝ... ከጥምቀት በኋላ ልገድለው ጩቤ ስያለሁ።»

ተሻገር ዶማ አንሥቶ የላዩ ውሃ እንዲወርድ የግድቡን አናት ይቀድ ጀመር። ፊታውራሪ በፈረስ ደርሰው ግድባቸው ሲቀደድ አይተው ሲተኩሱ ጥይቱ የተሻገርን ጆሮ ቀደደው፤ እሱ ግን በሩን በጀርባው ሸፍኖ ቆመ። የላዩ ውሃ ጥርት ብሎ ወረደ። ታቦቱ ብቅ ሲል ፊታውራሪ ጠመንጃቸውን አውርደው ከፈረሳቸው ወረዱ፤ በታቦት ፊት የሚተኩስ የለም።

በማግስቱ ሰው ሲረጭ ፈንታ የነብሩን ቆዳ ተሸክሞ እያነከሰ መጣ።

«ፊታውራሪን ዛሬስ ምን አልካቸው?»

«እንኳን አደረሰዎ።»

ፈንታ ግንባሩን ዳሰሰው። «አሞሃል።»