ያልተቆጠረው ግማሽ ሰዓት

ቅዳሜ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ላይ ፌንጣ ከወንበሯ ተነሳች። ሰዓቱን እስካሁን አትረሳውም፤ በራሷ እጅ ወረቀቷ ላይ ጽፋዋለችና።

ፌንጣ የቤት ስሟ ነው። የዚያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት። ያን ዕለት ግን «ዛሬ እንኳ ፌንጣነትሽን ቤት አስቀምጪልኝ» ብላ ቃል አስገብታታለች። ሥራው ቀላል ነበር። በአየር ማረፊያው የፍተሻ በር አጠገብ ተቀምጣ፣ ወረፋው ላይ አዲስ ሰው በተጨመረ ቁጥር እጇ ላይ ያለችውን ትንሽ መቁጠሪያ በአውራ ጣቷ ጠቅ ማድረግ፣ ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ድምሩን ሠንጠረዡ ላይ መጻፍ። አክስቷ ደግሞ በሌላኛው አዳራሽ፣ ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ የራሷን ሠንጠረዥ ይዛ ተቀምጣለች።

አክስቷ እዚያው አየር ማረፊያ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወለል ስትወለውል ኖራለች። በአርባ አራት ዓመቷ ተነሥታ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው፣ የአየር ማረፊያ ዕቅድና አሠራር ልታጠና ነው ሲባል ዘመድ አዝማዱ «መወልወያ ለመያዝ ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀችና በማግሥቱ ሄዳ ተመዘገበች። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች «ማዘር» ነው የሚሏት። ፈተና ሲደርስ ግን ማዘርን ከበው ነው የሚያጠኑት።

አሁን በዚህ ቆጠራ ላይ የቆመውን የመመረቂያ ሥራዋን ሰኞ ጠዋት አስተማሪዎቿ ፊት ልታቀርብ ነው።

ፌንጣ አንድ ሰዓት ሙሉ በትጋት ቆጠረች። ከዚያ መስታወቱን የሚያንቀጠቅጥ ጉርምርምታ መጣ።

«ትልቁ ገባ! ባለ ሁለት ፎቁ!» አለ አንድ ጥበቃ ለባልደረባው።

«አንድ ደቂቃ ብቻ» አለች ፌንጣ ለራሷ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች። ከላይ ባለው ሰፊ መስታወት ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ አውሮፕላኑ ዞሮ ሲቆም፣ ደረጃው ሲጠጋለት፣ ሻንጣው ሲራገፍ አየች። ስትመለስ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። በሩ ጋ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሠንጠረዡ ላይ ስድስት ባዶ ሣጥኖች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋታል። ግራ ቀኝ አየችና ሞላቻቸው፦ 11፣ 12፣ 11፣ 13፣ 12፣ 11። ጥሩ ቁጥሮች መሰሏት።

ከሰዓት በኋላ አክስቷ የአዳራሹን ንድፍ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የፌንጣ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ አክስት ከእህቷ ሣጥን የሸሚዝ ቁልፎች ዘግና ንድፉ ላይ ትደረድር ጀመር። አንዱ ቁልፍ አንድ ሰው ነው።

«ቁልፎቼን መልሺ! የሰው ሸሚዝ ክፍት ሊቀር ነው» አለች እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ተሳፋሪዎቼ ናቸው። ሳይበሩ አይመለሱም።»

«እንግዲያው ቶሎ አብሪያቸው!»

ንድፉ ላይ ከፍተሻው በር አጠገብ ሌላ ጠባብ በር በእርሳስ ተሥሏል። ይህ የጎን በር ሁልጊዜ ተቆልፎ ይውላል። የአክስቷ ሐሳብ ቅዳሜና እሁድ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እንዲከፈት ነው፤ አራት ሰዓት ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተከታትለው ስለሚነሡ ሰው ቀደም ብሎ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ይጨናነቃል ትላለች። እንዴት እንዳወቀች ፌንጣ ስትጠይቃት «ወለል የሚቆሽሸው ሰው ሲያልፍበት አይደለም፣ ሲቆምበት ነው» ብላታለች። «በዚያ ሰዓት ከፍተሻው በር ፊት ለፊት ያለው የአበባ ማሰሮ ጋ ሁለቴ እወለውል ነበር።»

አሁን ግን የፌንጣን ወረቀት እያየች ቁልፎቹን ስትገፋ ወረፋው አላደገም። ደግማ ገፋች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

«ይገርማል» አለች ቀስ ብላ። «ተሳስቼ ኖሯል። ለካ በሩ አያስፈልግም።»

«ወረቀቱ ቢሆንስ የተሳሳተው?» አለች እናት።

«ልጅቷ ቁጭ ብላ ቆጥራ! የኔ ጭንቅላት ነው እንጂ ያረጀው።» ላጲሷን አነሣችና የጎኑን በር ማጥፋት ጀመረች።

ፌንጣ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጥበቃዎቹ እንኳ አላዩዋትም። የላጲሱ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ቁልፎቹ መሐል ገባ፣ የበሩ ግማሽ ጠፋ።

«አክስቴ፣ አታጥፊው!»

«ምነው?»

«አልቆጠርኩም። ስድስቱን... ትልቁ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ማለቴ፣ ወደ ላይ ወጥቼ አየሁት። ቁጥሩን ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። አክስት ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፌንጣ ልታለቅስ ነው ብላ ስትሳቀቅ፣ አክስቷ ጠረጴዛውን ይዛ በሳቅ ፈረሰች።

«ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አንድ! ምነው እቴ፣ ተሳፋሪ እንደ ሰልፈኛ ተመጥኖ ይመጣል እንዴ? እኔ ሞኟ ደግሞ ምን ነካቸው እላለሁ!»

ሳቁ ቀስ ብሎ ሲበርድ የፌንጣን እጅ ያዘች። «ስሚኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየሁትን ላንቺ ወረቀት ስል ላጠፋው ነበር። ይህን ያህል ነው ያመንኩሽ።»

«ነገ ተመልሼ እቆጥራለሁ» አለች ፌንጣ። አክስቷም አላስጨነቀቻትም።

«ለመሆኑ አውሮፕላኑ እንዴት ነው?»

«ጉድ እኮ ነው! ጎማው ብቻ እኔን ያህላል!»

«ይገርምሻል፣ እኔ ወደ ላይ ወጥቼ አይቼው አላውቅም። ሁሌ ወደ ታች ነው የማየው።»

እሁድ ጠዋት ፌንጣ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች። አክስቷ የሻንጣውን ቆጠራ ቅዳሜ ስለጨረሰች አጠገቧ ቁጭ አለች፤ መቁጠሪያውን ግን አልነካችም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሰው ይጎርፍ ጀመር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ወረፋው የአበባውን ማሰሮ አልፎ ተጠማዘዘ። የትልቁ አውሮፕላን ጉርምርምታ ሲመጣ የፌንጣ እግር ብቻ ከወንበሩ ሥር ተወዛወዘ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ እነዚያው ስድስት ሣጥኖች 9፣ 31፣ 58፣ 64፣ 40፣ 12 ይላሉ።

«ወለሌ አልዋሸኝም!» አለች አክስት፣ ወረፋው ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ።

«አሁን ተነሺ» አለች ፌንጣ፣ እጇን እየጎተተች። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡ። አክስቷ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ትልቁን አውሮፕላን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ስታየው ቆየች።

«እውነትሽን ነው» አለች በመጨረሻ። «ጎማው አንቺን ያህላል። እንዲያውም ካንቺ ይረጋል።»

ስትስቅ ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው፤ በእጅጌዋ ወለወለችው።

ሲወርዱ አክስት የቅዳሜውን ወረቀት ልትጥለው አጣጠፈችው። ፌንጣ ተቀበለቻት። ስድስቱ ሣጥኖች ላይ መስመር አሰመረች፣ ከሥሩ «እነዚህን አልቆጠርኳቸውም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ከዚያ ከእሁዱ ገጽ ጋር አያይዛ ወደ አክስቷ የጥናት ማኅደር መለሰችው። አክስቷ አየቻት፣ ማኅደሩን ዘጋችው።

አክስት በዚያው ዓመት ተመረቀች። በአየር ማረፊያው የሥራ ማስተባበሪያ ክፍል አምስት ዓመት ሠርታ፣ ባለፈው ክረምት ታማ ዐረፈች። ፌንጣ ያንኑ ትምህርት እያጠናች ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት። የጎኑ በር ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው።