የአስራደ ወንድም

አስራደ ጥሩምባውን የሚነፋው ጎህ ሲቀድ ነው። ከጦር ሜዳ ተመልሶ የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ከሆነ ወዲህ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ካፖርቱን ደርቦ ከገበያው በላይ ካለው ዋርካ እስከ ወንዙ ድረስ እየተንጎራደደ፣ አንዴ እየነፋ አንዴ እየጮኸ፣ የእገሌ አባት የእገሊት እናት አርፈዋልና ለቀብር ውጡ፣ ያልወጣ ይቀጣል ይላል። ሥራው ተስማምቶታል። ሲመለስ ሚስቱ ይታይሽ በሩን ትከፍትለታለች፤ ገብቶ ሲዘጋው ደግሞ መልሳ ገርበብ ታደርገውና ጥቂት ቆይታ ራሷ ትዘጋዋለች። ከዘመቻ ከተመለሰ ጀምሮ ያመጣችው አመል ነው። ጭሱ እንዲወጣላት ይሆናል ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ከቀትር በኋላ ወይዘሮ ብርነሽ ጠላ ቤት ይቀመጥና ይዋሻል። ውሸቱ ደግሞ የሚጥም ውሸት ነው፤ መቼም ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ትንሽ ካልጨመረበት ማን ጠላ ይጋብዘዋል? በአንድ ጥይት አምስት ሰው በሰልፍ እንደቆመ ጣልኩ፣ ስድስተኛውን ድንጋጤ ገደለው፣ ሰባተኛው ለእነሱ ጉድጓድ ሲቆፍር ደክሞት እዚያው ገብቶ ተኛበት ይላል። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። እውነተኛው ግን አንድ ነበር፤ አንድ ብቻ። እሱን ለይታይሽም አልነገራት።

ቀትር ላይ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ በበቀለ ማሽላ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ተደበላልቀው፣ ማን የማን እንደሆነ በጠፋበት ሰዓት፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው አንድ ወጣት ጥንቅሽ፣ ያን እንደ ሸንኮራ የሚመጠጠውን አገዳ፣ እያኘከ ድንገት ፊት ለፊቱ ብቅ አለ። የራሱ ጓድ መስሎት ኖሯል። ፈገግ ብሎ አገዳውን በጉልበቱ ሰበረና «እንካ» ብሎ ግማሹን ዘረጋለት። አስራደም ተኮሰ።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ላይ፣ ምድሩ ደርቆ እንኳን ጥንቅሽ ሣር በጠፋበት ወር ነው። አመሻሹ ላይ ደጁ ተቀምጦ ጫማውን ሲያወልቅ አንድ ለጋ፣ ጣፋጭ፣ ልክ ያኔ የተሰበረ አገዳ የመሰለ ሽታ መጣበት፤ ሽታውን ተከትሎም ከጓሮው ግድግዳ ወዲያ ቀሽ፣ ቀሽ የሚል ነገር፣ እንደ ጠገበ አህያ ሳይቸኩል የሚያኝክ ድምፅ ሰማ። አህያ ግን በሰፈሩ የለም። ዞሮ ሲያይ ማንም የለም፤ ከግድግዳው ሥር ግን ተመጦ የተተፋ ነጭ የአገዳ ጭረት፣ ገና ከነምራቁ፣ ተቆልሎ አገኘ። ለይታይሽ ቢያሳያት መጥረጊያ አነሳችና፣ ይጠረጋል፣ ምን ያስጮህሃል ብላው ጠረገችው።

ከዚያ በኋላ መቀመጥም መተኛትም እምቢ አለው። አልጋው ላይ ሲገላበጥ ያነጋል፣ ቀን ደግሞ እግሩ ያለ ጉዳይ ይወስደዋል፤ ሲቆም ድምፁ ይቀርባል፣ ሲሄድ ከኋላው ይሄዳል። አንድ ጠዋት የሞተ ሊያውጅ ጥሩምባውን ከችንካሩ ቢያወርድ አፉ በጉንዳን ጠቁሯል። አራግፎ ከንፈሩን ሲያስጠጋ ብረቱ ይጣፍጣል፤ ይጣበቃል። እየዘገነነውም ቢሆን ነፋ።

በዚያው ቀን ጠላ ቤት የአምስቱን ሰዎች ተረት ጀምሮ፣ መሳቂያው ቦታ ላይ ሲደርስ ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ብርነሽ ማሰሮዋን እንደያዘች ቆማ ታየዋለች።

«ታዲያ ተቀብለኸው ነው የተኮስከው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ጥንቅሹን ነዋ፣ አያ አስራደ። በግራ እጄ ተቀበልኩ፣ በቀኝ እጄ ተኮስኩ አላልክም እንዴ አሁን? ከዛ ድርሻዬን እስከ ማታ መጠጥኩት አልክ።»

ዙሪያውን ቢቃኝ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። አምስት ሰው ሲገድል ሲስቅለት የኖረ ሰው ሁሉ፣ በአንዱ ሰው ዝም አለው። ከአፉ የወጣውን ቃል ግን እሱ ራሱ አልሰማም ነበር፤ ከጆሮው ሥር ማኘኩ ብቻ ነበር የሚሰማው።

መርዶው ያልተነገረለት ሙት መሞቱን አያውቅም ይባላል፤ የሚያለቅስለት እስኪያገኝ ይዞራል። አስራደም ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና፣ እንቅልፉን ለማግኘት ሌላ መንገድ ሲያጣ፣ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ድልነሳ ሄዶ፣ ዘምቶ የቀረ ወንድሜ መርዶ መጣብኝ አለ። ባዳ ቢል እድሩ አይወጣማ። ጋሽ ድልነሳ፣ ወንድም እንዳለህ አናውቅም፣ ስሙስ ማን ነው አሉት። ስሙን ከየት ያምጣው? የአስራደ ወንድም ይበቃል አለ። ሽማግሌው ዓይኑን ዓይኑን አዩት፤ አቀርቅሮ እንባው ጠብ ሲል ግን ትከሻውን ያዙት።

«በሌላ በሌላው ትዋሻለህ» አሉ። «በሞት ግን ሰው አይዋሽም። ሂድ ንፋ።»

ማለዳ ነፋ። ከዋርካው እስከ ወንዙ፣ የአስራደ ወንድም አርፏልና ለለቅሶ ውጡ እያለ ጮኸ፤ ድንኳኑም በገዛ ደጁ ተተከለ። ለቅሶ ብድር ነው፤ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ይታይሽ የምን ወንድም ሳትል ጥቁሯን ለብሳ ተቀመጠች፤ ሳትጠይቀው በመቅረቷም በልቡ አመሰገናት። እንዲያውም ከሁሉ አብልጣ፣ የምታውቀው ሰው እንደሞተባት፣ አፍንጫው የተላጠ፣ ሳቂታው እያለች አለቀሰች። አስራደ የራሱን ልቅሶ ስለሚሰማ እሷ የምትለውን ልብ አላለም። ደረቱ እስኪቀል አለቀሰ፤ ዕንባው ሲያልቅ ጆሮውን ቢያቀና ማኘኩ የለም። ሽታውም የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዉ ተበተነ። አስራደ ከግንቦት ወዲህ ያልቀመሰውን እንቅልፍ እየተመኘ ቤቱ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። ይታይሽ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። በሩም ሳይከፈት ቀረ።

«ምነው» አላት እየሳቀ፣ «ዛሬ መልሰሽ አትከፍችውም?»

«ዛሬማ ምን በር ያስፈልገዋል» አለች፣ የተኛ እንዳይነቃባት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው መደብ እያየች፤ «እስከ ትናንት እንግዳ ነበርና አንተን ተከትሎ ይገባ ነበር፣ ወንድሜ ብለህ ስታስለቅስለት ግን ቀድሞህ ገብቶ ተኛ።»