አማና ያለችኝ አማካሪ

ይሄ የሆነው እኔው ላይ ነው። ካላመናችሁ ችግራችሁ ነው... ሰው ለማሳመን አልለምንም።

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፣ ሰዉ በየሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ያወራል። የሚያስፈራው ጨለማ ብቻ ነው ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል።

ረሺዳ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ታናሽ እህቴን ሩፈይዳን ደብቄያት ነበር። ባሏ ሸምሰዲን ክንዷን ሰብሮ "ከዚህ ቤት ብትወጪ እገድልሻለሁ" ብሏታል። ያደርገዋል ደግሞ! አጋሮ ወስጄ የሟች እናታችን ጓደኛ አደ ዘይቡ ቤት አስቀመጥኳት። ስልኳን እንኳ ተቀበልኳት። ከአደ ዘይቡና ከእኔ በቀር የት እንዳለች የሚያውቅ አልነበረም።

ሚስጥር ግን ይከብዳል፣ ወላሂ። እንቅልፍ አጣሁ። እየሰፋሁ መርፌው ጣቴን ይወጋኝ ጀመር።

ለጎረቤት አልነግር ነገር... ጊንጆ ውስጥ ጠዋት ካስነጠስሽ ከሰዓት በኋላ "በሽተኛዋ እንዴት ዋለች?" ብለው ሊጠይቁሽ ይመጣሉ።

አንዷ ቀሚስ የምሰፋላት ልጅ "በስልክ የሚያማክሩ ባለሙያዎች አሉ፣ ማንም አያውቅሽም" ብላ አፑን ጫነችልኝ።

አማካሪዋ "ፈትያ እባላለሁ፣ አዲስ አበባ ነው ያለሁት" አለችኝ። ካሜራዋን አትከፍትም። "እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው" ትላለች።

"የምነግርሽ አማና ነው" አልኳት። እኛ ዘንድ አማና የተባለ አደራ አይነካም። አማና በልቶ አላህ ፊት እንዴት ይቆማል?

"አማና ነው" አለችኝ።

በቃ። ያቺን ቃል ስሰማ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት። አጋሮንም፣ አደ ዘይቡንም።

አንድ ቀን ደግሞ "እህቴ ሰለቸችኝ" አልኳት። "አንዳንዴማ ወደ ባሏ ብትመለስ እላለሁ።"

እያለቀስኩ ነው ያልኩት። ሰው ሲደክመው የሚለውን ነው ያልኩት! ሩፊን በዓይኔ ብሌን አልለውጣትም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዋ ተቀየረ።

"እሷ ጋ ስትሄጂ ምን ትለብሻለሽ?"

"ለምን?"

"ስሜትሽን እንድረዳው።"

ቡናማ ጅልባቤን ነው፣ አልኳት።

"በሩንስ እንዴት ታንኳኪያለሽ?"

"አላንኳኳም። በጥፍሬ ጫር ጫር አደርገዋለሁ። ልጅ ሆነን እንደዛ ነበር የምንጠራራው።"

"ጎበዝ" አለችኝ።

ድምጿም... መጀመሪያ ወፍራም ነበር። እያደር ቀጠነ። በየመሀሉም "ችግራቸው ነው" ማለት ጀመረች። ይሄ የኔ አባባል ነው። ሰው ካዋራው ሰው ጋር ይመሳሰላል ብዬ ተውኩት።

ያን ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

"ሩፊ ደህና ናት" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

እግሬ የስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ ደረቀ። ሩፊ የምንላት ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ለፈትያ "እህቴ" እንጂ ስሟን ጠርቼላት አላውቅም።

"ስሟን ማን ነገረሽ?"



ከስልኩ ወዲያ አንድ ነገር ይሰማል... ጫር... ጫር... ጫር... እንጨት በጥፍር ሲጫር።

"ፈትያ... የት ነሽ?"

"ቀስ በይ" አለች በሹክሹክታ። "እየከፈተችልኝ ነው።"

ስልኩ ተዘጋ።

አደ ዘይቡ ጋ ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሱቁን ሳልዘጋ ሮጬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አጋሮ እስክደርስ ድረስ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ስል ሹፌሩ በመስታወት ያየኝ ነበር።

አደ ዘይቡ ግቢያቸው በር ላይ ቆመዋል።

"ማል ታቴ፣ ኢንታለ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ፣ ምን ረስተሽ ተመለስሽ?"

"ሩፊስ?"

"ይዘሻት ሄደሽ የለ እንዴ!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቁን ተዉት።

"አደ... ያችን ሴትዮ ፊቷን አይተውታል?"

"የምን ሴትዮ? አንቺ ነሻ! በእጄ ሻይ ሰጠሁሽ እኮ። አሁንማ ልናገረው... 'ሰለቸሽኝ፣ ወደ ባልሽ ተመለሽ' ስትያት አንጀቴን ነው የቆረጥሽው። ልጅቷ አንዲት ቃል አልመለሰችልሽም። ልብሷን ሰብስባ ተከተለችሽ።"

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ስልኬ ጠራ። ፈትያ ናት። የቪዲዮ ጥሪ።

ሩፊ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያለውን መጋረጃ አወቅኩት። ለሰርጓ እኔ ነኝ የሰፋሁት። የሸምሰዲን ሳሎን ነው!

አጠገቧ ቡናማ ጅልባብ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ፀጉሯን ትሠራታለች። ቀስ ብላ፣ በፍቅር።

"ሩፊ! ተነሺ! ውጪ ከዚያ ቤት!"

ሩፊ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ትንሽ ግራ የገባት ትመስላለች።

"ማናት?" ብላ ሴትየዋን ጠየቀቻት።

"ደንበኛዬ ናት" አለቻት ሴትየዋ። በኔ ድምፅ። "ምን ሆና ነው እንዳትይኝ... የሰው ሚስጥር አላወጣም።"

ከመጋረጃው በስተጀርባ የውጪው በር ሲከፈት ተሰማኝ። የወንድ ጫማ ኮቴ ወደ ሳሎኑ መጣ።

"ሩፊ! እኔ ነኝ! ረሺዳ ነኝ! መጣብሽ እኮ... ሩጪ!"

ሩፊ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች። ጣቷን ዘርግታ ድምፄን ዘጋችው።