የመጽሐፉ የመጀመሪያ ቃል

«ልጅቷ ናት። "ይበቃኛል!" ብላ በሩን ስታላጋው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አክስት ቺያው ይህን መጀመሪያ ለጎረቤቷ ነገረች። አትክልት ሻጩ ዘንድ ስትደርስ ወሬው «ይበቃዎታል» ሆኖ ነበር። ፖሊሶቹ ሲመጡ ደግሞ «ቢሞቱ ይሻልዎታል» ወጣው። አንድ ቃል በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ሲወፍር ያየ ሰው፣ አክስት ቺያው ራሷ ለምን ከሲታ እንደሆነች ይገረማል።

የሞቱት መምህር ፋን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የአክስት ቺያው ግቢ ውስጥ በሰሜን በኩል ያለችውን ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዓርብ ጠዋት አልጋቸው ላይ ተገኙ፤ ፊታቸው ከብርድ ሮጦ እንደገባ ልጅ ቀልቷል። ክፍሉን የከሰል ጋዝ ሞልቶታል። በዚያ ሰሜናዊ ከተማ እንዲህ ያለ ሞት በየክረምቱ አይጠፋም፤ ለቅሶም መርማሪም ሳይበዛበት ይቀበራል። የዚህ ግን የጭስ ቧንቧው ጫፍ ውጭ በጨርቅ ተወትፎ ተገኘ።

የመጣችው መርማሪ ካንግ ሩይ ነበረች፤ ጡረታዋ የደረሰ፣ ምላሷ ግን ጡረታ የማይወጣ ሴት። ገና እንደገባች ለሟቹ ዘመድ ማን ደውሎ እንደሆነ ጠየቀች። የሚደወልለት ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሲኒዎች ነበሩ፤ አንዱ ሻይ የደረቀበት፣ ሌላው ታጥቦ የተደፋ። የተደፋው ምናልባት ለሚመጣ እንግዳ ነው።

ግቢው ውስጥ ከአክስት ቺያው ሌላ ሁለት ተከራዮች አሉ፣ ሁለቱም የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚጠባበቁ። ዴንግ ሲዩ የተባለችው ልጅ ሁለቴ ወድቃለች፤ ሦስተኛው ነገ ጠዋት ነው። አባቷ ይህም ካመለጣት የሰፈሩን ልጅ አግብታ እዚያው እንድትቀር ነግሯታል። ወጣቱ ፖሊስ ደግሞ ካቴናውን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ እያሽከረከረ ነበር። ዛሬ ከታሰረች ፈተናው የለም፤ ፈተናው ከሌለ የቀረውን ዕድሜዋን ሌላ ሰው ጽፎ ጨርሶታል።

ካንግ የልጅቷን ክፍል ገፍታ ገባች። ፎጣው ሚስማሩ ላይ በርዶ እንደ ሳንቃ ደርቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ እስከ መጨረሻው የጠቆረ የቃላት መጽሐፍ አለ።

«ምድጃሽስ?»

«የለኝም። የምሞቀው መምህር ጋ ነበር።»

«እሳታቸውን እየሞቅሽ ትሰድቢያቸዋለሽ?»

ዴንግ ሲዩ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አልሰደብኳቸውም። ፈተናው እየደረሰ አንድ ቃል ላይ ማታውን በሙሉ አስቀመጡኝ። ያውም የትኛውን? አባንደንን!»

ካንግ ሳትወድ ፈገግ አለች። በዚያ አገር እንግሊዝኛ የሞከረ ሁሉ ያንን ቃል ያውቃል። የቃላት መጽሐፉ በፊደል ተራ የተደረደረ ነው፣ የመጀመሪያው ቃል አባንደን ነው፣ ትርጉሙም «መተው»። ግማሹ ሕዝብ መጽሐፉን ይገልጣል፣ «ተወው» የሚለውን ያነባል፣ ታዛዥ ስለሆነ ይተወዋል።

መምህር ፋን ግን «የምታውቁት ግማሹን ነው» ይሉ ነበር። ቃሉ ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ እንደሆነና ያኔ «በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ማስገባት» ማለት እንደነበር አስረዷት። ሰው ምሽጉን ለጠላት ያስረክባል፣ ራሱን ለሐዘን ያስረክባል፤ ልጓሙን ለቆ የሚጨፍር ሰውም በዚሁ ቃል ይጠራል። ሲዩ ፈተናው ይህን እንደማይጠይቅ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ሻይ ቀዱላትና ወደ ሌላ ዘመን ተሻገሩ።

«አሁን ነው የገባኝ» አለች ልጅቷ። «ቃሉን የሚያረዝሙት እንዳልሄድባቸው ነበር።»

ካንግ ወደ ሁለተኛው ተከራይ ተሻገረች።

የሼን ካይ ክፍል በከሰል ምድጃ ሞቃት ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የተከራየ፣ ልብሱ የተተኮሰ ልጅ ነው። ወንበር ሰጣት፣ ሙቅ ውሃ ቀዳላት። ማታውን በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብሎ ቃላት ሲያጠና እንደነበር ተናገረ። አክስት ቺያው ከበሩ ላይ ሆና መሰከረችለት፤ ራት ስታበስል ድምፁን ሰምታለች፣ እንዲህ ያለ ጎበዝ ደግሞ እናቱን ያኮራል። እናቱ ገበያ ላይ ዓሣ እየሸጠች ታስተምረዋለች፤ ዛሬም ለፈተናው ልትመርቀው ከገጠር እየመጣች ነው።

«መጽሐፉን ስንቴ ጨረስከው?» አለችው ካንግ።

«ሁለቴ። አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ።»

ካንግ መጽሐፉን አነሳች። አልገለጠችውም፤ እንደ ዳቦ በጎኑ ዐየችው፣ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው፣ ውሃውን ሳትጠጣ ወጣች።

ከግቢው በር እስከ ቧንቧ ውሃው ድረስ በረዶው ላይ የከሰል አመድ ተበትኗል፤ ሰው እንዳያዳልጠው በየቤቱ የሚደረግ ነው። ካንግ ይህን አልፋ ከመምህር ፋን ክፍል ጀርባ ዞረች። እዚያ ሰው አያልፍም፤ ግድግዳና የጣሪያ ክፈፍ ብቻ ነው። ቆመችና ለረጅም ጊዜ መሬቱን ዐየች። ስትመለስ የመምህሩን የአመድ ባልዲ መረመረች፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ላዩ ላይ ያልተነካ በረዶ ተቀምጦበታል።

ከዚያ ሁሉንም አክስት ቺያው ማድቤት ሰበሰበቻቸው። ወጣቱ ፖሊስ ከሲዩ አጠገብ ቆመ፤ አክስት ቺያውም ጀመረች፦ «እኔ እኮ በጆሮዬ…»

«ጆሮሽን አመሰግናለሁ፤ አሁን ይረፍ» አለች ካንግ። «በረዶው ትናንት መቼ አቆመ?»

ከራት በኋላ እንደነበር ሁሉም ተስማሙ።

«ቧንቧውን የወተፈው ሰው ከቤቱ ጀርባ በአዲስ በረዶ ላይ ሄዷል። ዱካውን ሲያይ ደነገጠ፣ እጁ ከልጅነቱ የለመደውን አደረገ፦ አመድ በተነበት። አመድ የምንበትነው ሰው እንዳይወድቅ ነው። እዚያ ጀርባ ማን ይወድቃል? ድመት?»

ማንም አልሳቀም።

«አመዱ በረዶው ላይ ነው እንጂ ሥሩ አይደለም፤ ስለዚህ የተበተነው ካቆመ በኋላ ነው። ታዲያ የማን አመድ ነው? የመምህር ፋን ባልዲ አልተነካም። አክስት ቺያው የምትሞቀው በሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው። ሲዩ ምድጃ የላትም፤ ፎጣዋን ጠይቁት። የበሩንስ አመድ ማን በተነው?»

«ዘወትር ካይ ነው የሚበትነው» አለች አክስት ቺያው፤ አፏን የያዘችው ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው።

ሼን ካይ ወደ አክስት ቺያው ዞረ። «ሳጠና ሰምተውኛል» አለ።

«ራት ሲበስል ሰምተውሃል። በረዶው ያቆመው ከራት በኋላ ነው።» ካንግ መጽሐፉን ከብብቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አቆመችው። «ሁለቴ የተነበበ መጽሐፍ ጠርዙ በእጅ እድፍ ይጠቁራል። የሲዩ እስከ መጨረሻው ጠቁሯል። ያንተ ግን የመጀመሪያዎቹ ገጾች ብቻ ናቸው፤ ሌላው እንደ ቶፉ ነጭ ነው። በየማታው የምትጮኸው እነዚያኑ ቃላት ነው፣ ግቢው እንዲሰማህ። አክስት ቺያው እንግሊዝኛ አትችልም፤ ሲዩም በራሷ መጽሐፍ ተጠምዳለች። መምህር ፋን ግን ይሰሙህ ነበር።»

ካይ ሲናገር ድምፁ ቃል እንደሚሸመድድ ሰው ዜማ አልነበረውም።

«ለፈተናው ተመዝግቤ አላውቅም። አንድም ዓመት። እናቴ ሌሊት ተነስታ ዓሣ ስትጠርብ፣ እኔ እዚህ ጣሪያ እቆጥራለሁ። መምህር ትናንት አስጠሩኝና "ነገ እናትህ ስትመጣ እውነቱን ንገራት" አሉኝ። ካልነገርኳት ይነግሯታል ብዬ…»

«እሺ» አለች ካንግ ቀስ ብላ፤ ለወጣቱ ፖሊስም በዓይኗ አመለከተችው። ካቴናው ከሲዩ አጠገብ ተነስቶ ማድቤቱን ተሻገረ።

ሲዩ ወንበሯ ላይ ቀረች። ካንግ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ነገ ፈተና አለብሽ። ሂጂና ተኚ።»

«በቀብራቸውስ ማን ይቆምላቸዋል?»

«እኔ እቆማለሁ። አንቺ ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይ።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇ የተሰነጣጠቀ ሴት በግቢው በር ገባች፤ የተቀቀለ እንቁላል የያዘ የጨርቅ ከረጢት አንጠልጥላለች። በመኪናው መስኮት ልጇን ዐየች። አልጮኸችም። ካንግ የሆነውን ሁሉ በአጭሩ ነገረቻት፤ ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች።

«አምና ሳልነግረው መጥቼ ነበር» አለች። «የፈተናው በር ላይ እስከ መጨረሻው ተማሪ ቆሜ ጠበቅሁት። ሊመሽ ሲል በረኛው ዘጋው፤ ልጄ አልነበረም። ከዚያ እዚህ መጥቼ ለመምህር ነገርኳቸው። እሱ ራሱ እስኪነግረኝ ድረስ የማላውቅ እመስላለሁ፣ እርስዎም ማወቄን እንዳይነግሩት አልኳቸው። ቃላቸውን ሰጡኝ።»